የበረዶ ሣጥን ለራያ ጀልባ

ሐሙስ ጠዋት ራያ መጣ፣ ከነጭቃው፣ ከነቦቲው፤
የዓሣ ሽታ ቀድሞት ገባ፣ ሰላምታው ከኋላ ነው።
ሂርማታ፣ ከሱቄ ደጅ፣ ዱካ ስገጥም አገኘኝ፣
ሦስተኛውን እግር ይዤ።
«ከሊፋ» አለ፣ «ሥራ አለኝ።
ወንበር አይደል፣ አልጋ አይደል፣ ቁም ሣጥንም አላማረኝ፤
ከጀልባዬ ሆድ የማይወጣ የብርድ ማደሪያ ሥራልኝ።

ዓሣ እኮ ሁለቴ ይሞታል፤
አንዴ መረብ ይይዘዋል፣ አንዴ ፀሐይ ታገኘዋል፤
የፊተኛው ሞት እኔን፣ የኋለኛው ዝንብን ያበላል።
አርባ ኪሎ ቆሮሶ፣ ማክሰኞ፣ አሰንዳቦ ላይ
ለዝንብ ድግስ ደገስኩ፣ የአይሱዙ ጎማ ሲፈታ ሳይ።»

እኔ አናጢ ነኝ፤ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው፤
ዕድሜዬን ሙሉ ማዕዘኔ ዘጠና ዲግሪ ነው።
የጀልባ ሆድ ግን ጎባጣ፣ ቀጥ ያለ ነገር አያውቅም፤
ሜትሬ ገባ፣ ተጣመመ፣ ወጣ፤ ቁጥሩን አላመንኩም።
በሳሙና ካርቶን ቀድጄ ወሰድኩ የጎኑን መልክ፣
ልብስ ሰፊ ነፍሰ ጡርን እንደሚለካት፣ በይሉኝታ፣ በልክ።

ለውጩ ወንዛ መረጥኩ፣ ምስጥ የማይደፍረው ዕንጨት፤
በመሐሉ ፎም፣ ከሞተ ፍሪጅ ሆድ የተገፈፈ፣ አራት ጣት፤
ከውስጥ ላሜራ አለበስኩ፣ ስፌቱን በሲልከን ደፈንኩ፤
ለክዳኑ ከንፈር፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀደድኩ።

ሌሊት ግን ነገሩ ከነከነኝ፤
ሠላሳ ዓመት በር የገጠምኩት ብርድ እንዳይገባ ነበር፤
አሁን ብርድ እንዳይወጣ፣ ብሎን ሳጠብቅ ልደር?
ፍሪጅ ጠጋኙ ሸምሱ ሳቀ፤ «ተገላብጦብሃል ነገሩ፤
ብርድ እግር የለውም። ሌባው ሙቀት ነው፤ ለእሱ ነው በሩ።»

በረዶው ከሙፊዳ ጭማቂ ቤት፣ ሃምሳ ጠርሙስ በየማታው፣
መብራት ካለ።
መብራቱስ ከየት ነው? ከጊቤ ግድብ፣ ከዚያው፣
ራያ ከሚያጠምድበት፤ ከሥሩ የአባቱ ማሳ፣
በቆሎ የተዘራበት፣ ዛሬ የሚግጠው ዓሣ።
ውሃው ተርባይን አዙሮ፣ በሽቦ ጂማ ይመጣል፤
ሙፊዳ ጓዳ ጠጥሮ፣ በባጃጅ አገሩ ይገባል።
ይህን ብዬ ስስቅለት፣ ራያ መረብ ሲቋጥር ዋለ፤
ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
«ጥሩ በቆሎ ነበር» አለ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ውሃ ላይ ወጣን፤ እኔ ጠርዙን አንቄ።
የሟሟው እንዲፈስበት፣ ከሥሩ ቀዳዳ በስቻለሁ፣ ተራቅቄ፤
ሣጥኑን አልፎ፣ ጀልባውን አልፎ። ጭነት ሲበዛ
ጀልባ ዝቅ እንደሚል ማን ነግሮኝ? የእኔ ቁም ሣጥን መቼ ዋኝቶ ያውቃል!
ለመውጫ የበሳሁት በር ለግድቡ መግቢያ ሆነና፣
ጠርሙሶቹ ተንሳፈፉ፤ ጀልባው ወደ ቀኝ ዘመመና
ራያ ጮኸ፤ «ዓሣ አቆይልኝ አልኩ እንጂ፣ ዓሣ አርባልኝ መች አልኩ?»
ቀዳዳው ላይ አውራ ጣቴን ወትፌ፣ እስከ ዳር ድረስ ተንበረከክኩ።

ዳር ስንደርስ፣ ከመሣሪያ ከረጢቴ ያ ሦስተኛ እግር ወጣ፤
ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ባለዱካው ገና አልመጣ።
ጫፉን ቀረፍኩ፣ ላስቲክ ጠቀለልኩ፣ በመዶሻ አንድ፣ ሁለት፤
ልክ ገባ። የጀልባው ቡሽ እስከ ዛሬ እሱ ነው፣ የዱካ ጉልበት።

ሰኞ እኩለ ቀን ደወለ። «ስማ» ብሎ ክዳኑን ሲከፍት፣
በስልኩ ውስጥ ጠርሙሶች ተንኳኩ፤ ድፍን በረዶ፣ በዚያ ሐሩር ፊት።
ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ቀኝ ጆሮዬ ቀዘቀዘ።

በዚህ መሐል ባለዱካው መጣ፤ ሁለት እግር ቆጥሮ ክርኔን ያዘ።
«ሦስተኛውስ?»
«ጊቤ ወርዷል፤ ቁጭ በልና ላውጋህ» አልኩት፤
መቀመጫውን እኮ ነው የነፈግኩት።